አንድ ፖንግ ሦስት ጊዜ፦ በቱቶሪያል ጌም መስራት ለምትጀምሩ

ጌም ፕሮግራም ማድረግ ልማር ብዬ የጀመርኩ ሰሞን የሰራሁት ስህተት ምን መሰላችሁ፣ ቱቶሪያል በቱቶሪያል ላይ መደረብ። አንዱን አየሁ፣ አብሬ ጻፍኩ፣ ሰራ፣ ደስ አለኝ፣ ወደ ቀጣዩ። ስምንት ዘጠኝ ጌም ኮምፒውተሬ ላይ ተደርድሯል፣ እባቡ አለ፣ የጠፈር ውጊያው አለ፣ ጉድጓድ እየዘለለ የሚሮጠው ሰውዬ አለ። ከዛ አንድ ቀን እስቲ የራሴን ልስራ ብዬ ባዶ ፋይል ከፈትኩና ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ስትል ሳያት ሳያት ቆይቼ ዘጋሁት። የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ አላውቃትም። መስኮት እንዴት እንደሚከፈት ስምንት ጊዜ ጽፌዋለሁ ኮ፣ ግን የጻፈው ጣቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ስለዚ እዚ ላይ ምርጡ ቱቶሪያል የቱ ነው የሚለውን አልነግራችሁም፣ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ምን እንደምታደርጉበት ነው የማወራው። አንድ ትንሽ ጌም ምረጡና (እኔ ፖንግን ነው የምለው፣ ኳስ በራኬት እየመለሱ የሚጫወቱባትን) ሦስት ጊዜ ስሩት፦ አንዴ እያያችሁ፣ አንዴ እያበላሻችሁ፣ አንዴ ሳታዩ። በቃ።

በምን ይሰራ

መሳሪያ መምረጥ ላይ ሰው ወራት ያቃጥላል፣ እናንተ አንድ ቀን ብቻ ስጡት። ኮድ የሚባል ነገር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ወይ ለልጅ ከሆነ ስክራች አለ፣ የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ሰዎች በ2007 ለሁሉም የለቀቁት ነው (እዚ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፣ ብሎኮቹን እየጎተታችሁ ማገጣጠም ነው፣ ብሮውዘር ላይ ይሰራል፣ ነጻ ነው። ኮድ በጽሁፍ ለመጻፍ ከተዘጋጃችሁ ፓይተን ከነፓይጌሙ (ፓይተን ላይ የሚጨመር የጌም መስሪያ ነው)፣ ወይም ጃቫስክሪፕት። ጃቫስክሪፕት የሚመቸው ምንም ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልግም፣ ጽሁፍ መጻፊያ ፕሮግራምና ብሮውዘር ካለ አለቀ፣ ደሞ የሰራችሁትን ለሰው መላክ ቀላል ነው። ጎዶት የሚባለው ኢንጅን (ዝግጁ የጌም መስሪያ ፕሮግራም) ነጻም ኮዱ ክፍትም ስለሆነ ብዙ ሰው በሱ ጀምር ይላል፣ ጥሩ ነው አልክድም፣ ግን እኔ ለመጀመሪያው ጌም አልመክረውም፣ ምክንያቱም ጌም ከውስጥ እንዴት እንደሚሽከረከር የሚያሳየውን ክፍል ኢንጅኑ ራሱ ስለሚሰራው ሳታዩት ታልፋላችሁ። ፖንግን በእጃችሁ ከሰራችሁ በኋላ ጎዶት ብትገቡ ኢንጅኑ ምን እንደገላገላችሁ ይገባችኋል። አንዱን ከመረጣችሁ ግን መሀል ላይ አትቀይሩ፣ ሲከብድ ቋንቋው ነው የከበደኝ ማለት ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋው አይደለም።

ለምን ፖንግ ካላችሁ፣ ፖንግ ራሱ ሲወለድ መልመጃ ነበር። በ1972 አታሪ ውስጥ አላን አልኮርን የሚባል አዲስ የተቀጠረ ኢንጂነር ነበር፣ ጌም ሰርቶ አያውቅም፣ አለቃው ኖላን ቡሽኔል እጁን እንዲያፍታታ ብሎ ይሄን ስራ ብሎ ሰጠው፣ ለገበያ ታስቦም አልነበረም። ውጤቱ ያማረ ሆነና ወጣ፣ ከዛ ሁሉም ሰው አወቀው። (ያኔ ደሞ ፕሮግራም የሚባል ነገር ውስጡ የለም፣ ሙሉው በኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ነው የተገጣጠመው። እኛ ዛሬ መቶ በማትሞላ መስመር ስንጽፈው ትንሽ ማፈር አለብን።) እና ትንሽ ትምሰል እንጂ ሌላ ጌም ውስጥ የምታገኙት ነገር ሁሉ በትንሹ አለባት፦ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ኪቦርድ መቀበል፣ ግጭት፣ ነጥብ፣ መሸነፍ። መቶ ሰው ኦንላይን የሚጫወትበት ሰፊ ዓለም የመስራት ህልም ያላችሁ ህልሙን አትጣሉት፣ ለጊዜው አስቀምጡት።

ቱቶሪያሉን ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ ጠበቅ አድርጋችሁ እዩ፣ ቨርዥኑን። ጎዶት 4 በመጋቢት 2023 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ የብዙ ነገር ስም ተቀየረ፣ በድሮው ኪኔማቲክ ቦዲ ቱ ዲ ይባል የነበረው ካራክተር ቦዲ ቱ ዲ ሆነ፣ እና የድሮውን ቪዲዮ ይዞ አዲሱ ላይ የሚጽፍ ሰው ፊደል በፊደል ትክክል ጽፎም አይሰራለትም፣ ከዛ ጭንቅላቴ ነው ችግሩ ብሎ ይተወዋል። ሌላው፣ ከተቻለ በጽሁፍ የተዘጋጀ ምረጡ። ቪዲዮ ደስ ይላል ግን ቪዲዮ ውስጥ ሰውየው ፈጥኖ ያለፈውን መስመር ፍለጋ ወደ ኋላ ወደ ፊት ስትሉ ነው ሰዓቱ የሚያልቀው። ለጃቫስክሪፕት የሞዚላ ኤምዲኤን የሚባለው ዌብሳይት ላይ ጡብ የሚሰበርበትን የብሬክአውት ጌም በ10 ደረጃ የሚያሰራ ትምህርት አለ፣ ከፖንግ ጋር ወንድማማች ናቸው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ራን ሆኖ (ፕሮግራሙ ተነስቶ) የሚታይ ነገር አለው። ጥሩ ቱቶሪያል የሚታወቀው በዚህ ነው፣ በየአስር ደቂቃው ስክሪን ላይ አዲስ ነገር ካላሳያችሁ ሌላ ፈልጉ።

አንደኛ ዙር፦ እያያችሁ

ኮፒ ፔስት የለም። በእጃችሁ ጻፉት፣ ነጥብና ሰረዝ ስትስቱ የሚመጣውን ኤረር ራሳችሁ ቅመሱት። እና ራን ከማድረጋችሁ በፊት ሁሌ ለሦስት ሰከንድ ቁሙና ምን ሊሆን ነው ብላችሁ ገምቱ። ግምታችሁ ሲሳሳት አትለፉት፣ ያልገባችሁ ቦታ እዛ ጋ ነው ያለው።

ቱቶሪያሉ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ፣ የጌም ሉፕ የምትባለዋን። ጌም ማለት የማያቆም ዙር ነው፦ ተጫዋቹ ምን ተጫነ ብሎ ይጠይቃል፣ ሁሉንም ነገር ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ ስክሪኑን አጥፍቶ እንደገና ይስላል፣ ከዛ ከመጀመሪያው። ይሄን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም ለአንዱ ዙር ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ። ኳሷ የምትሄድ ይመስላችኋል እንጂ የምትሄድ ኳስ የለችም፣ በየዙሩ ትንሽ ፈንጠር ብላ የምትሳል ክብ ነች። የምታንቀሳቅሳት መስመር እቺ ብቻ ነች (ኤክስ ማለት ወደ ጎን ያለችበት ቦታ ነው)፦

ኳስ_ኤክስ = ኳስ_ኤክስ + ፍጥነት_ኤክስ

ሂሳብ ለምዶ የመጣ ሰው እቺን ሲያይ እንዴ ኳስ እንዴት ከኳስ ሲደመር ፍጥነት ጋር እኩል ይሆናል ይላል። እኩል ይሆናል ማለት አይደለም፣ በቀኝ ያለውን አስልተህ በግራ ባለው ስም አስቀምጥ ማለት ነው። አሁን ኤክስ 100 ከሆነና ፍጥነቱ 5 ከሆነ የሚቀጥለው ዙር 105፣ ከዛ 110። ግድግዳ ስትነካ ፍጥነቱን በኔጌቲቭ 1 አባዙት፣ 5 የነበረው ኔጌቲቭ 5 ይሆንና ኳሷ ትመለሳለች። መንጠር ማለት በቃ ይሄ ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚደናበርበት ሌላው ነገር ዋይ ነው፣ የላይና የታች ቦታው። ፓይጌምም የጃቫስክሪፕት ካንቫስም (ብሮውዘር ላይ የሚሳልበት ሰሌዳ) ላይ ዜሮ ዜሮ ያለችው ከላይ በግራ ጥግ ነው፣ ዋይ ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚ ራኬቱን ወደ ላይ ለማድረግ ትቀንሳላችሁ። ስክራች ላይ ግን ዜሮ ዜሮ መሀል ነው፣ ኤክስ ከኔጌቲቭ 240 እስከ 240፣ ዋይ ከኔጌቲቭ 180 እስከ 180፣ እና ወደ ላይ ይጨምራል። ከስክራች ወደ ፓይተን የሚሻገር ሰው ለአንድ ሳምንት ሁሉ ነገር ተገልብጦበት ነው የሚከርመው።

አሁን ማንም ቱቶሪያል የማይነግራችሁን ነገር ልንገራችሁ። ፓይተን 3 የቫሪያብል (እንደ ኳስ_ኤክስ ያለ ቁጥር የሚያዝበት) ስም በኛ ፊደል ብትጽፉለት ይቀበላል፣ ከላይ ኳስ_ኤክስ ያልኩት ለምሳሌ አይደለም በእውነት ይሰራል። ቱቶሪያሉን ስትከተሉ ስሞቹን ሁሉ ወደ አማርኛ ቀይሩ፣ ራኬት፣ ነጥብ፣ ፍጥነት ምናምን። ጥቅሙ ምንድነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁሉም አንድ መስሎ ይታያል፣ የትኛው ቃል የቋንቋው እንደሆነ፣ የትኛው የፓይጌም እንደሆነ፣ የትኛውን ደሞ አስተማሪው ከራሱ እንዳወጣው አይለይም። እናንተ የቀየራችሁት አማርኛ ሲሆን በእንግሊዝኛ የቀረው እንዳለ የሚወሰድ ነው፣ ኮዱ በአንድ እይታ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ጣጣ አለው ብቻ፣ እኛ ጸሐይን በፈለግነው ሐ ጽፈን እንግባባለን፣ ኮምፒውተር ግን አይግባባም፣ ጸሐይ እና ጸሀይ ለሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ አንዴ ሀይልና ኃይል ብዬ ጽፌ አንድ ሰዓት ተኩል ስፈልግ ነበር። ለመማሪያ ነው እንግዲህ፣ ከሌላ ሰው ጋር ስትሰሩ በተለመደው ትጽፋላችሁ።

ኤረር ሲመጣ ቀይ ስላያችሁ አትደንግጡ። ፓይተን ላይ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፣ የመጨረሻዋ መስመር ምን እንደተበላሸ ትላለች፣ ከሷ ከፍ ብሎ የመስመር ቁጥሩ አለ። የተባለው መስመር ላይ ምንም ካጣችሁ ከሱ በላይ ያለውን እዩ፣ ያልተዘጋ ቅንፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በጎረቤቱ ነው የሚያላክከው።

ሁለተኛ ዙር፦ እያበላሻችሁ

ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ እውቀቱ ግን ያለው እዚ ነው። የሚሰራውን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡና ኮፒውን አንድ በአንድ አበላሹት።

ስክሪኑን የሚያጠፋውን መስመር ሰርዙት፣ ኳሷ ጭራ እየጎተተች ስክሪኑን ስትሞላው ታያላችሁ፣ ለካ በየዙሩ የሚጠፋው ለዚ ነው። ፓይጌም ላይ ከሆናችሁ ኢቨንቶቹን (የኪቦርድና የማውስ ንክኪዎችን) የሚቀበለውን ክፍል አውጡት፣ መስኮቱ ይደርቃል፣ የመዝጊያዋን ኤክስ ብትጫኑ አይዘጋም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙ መልስ አይሰጥም ይላችኋል።

ከዛ ፍጥነቱን ከ5 ወደ 50 አድርጉት። ኳሷ ራኬቱን ሰንጥቃ ታልፋለች! ግጭት የሚያጣራው ኮድ አልተነካም፣ ታዲያ ምን ሆነ? ወረቀት አውጡና ቁጥሩን ጻፉት። ራኬቱ ከኤክስ 20 እስከ 30 ነው እንበል፣ ኳሷ 8 ፒክስል ስፋት አላት። በዚ ፍሬም (በዚ ዙር) ኳሷ ከ60 እስከ 68 ነች፣ አልነካችም። በቀጣዩ 50 ተቀንሶ ከ10 እስከ 18 ነች፣ አሁንም አልነካችም። መሀል ላይ ያለው መንገድ የለም፣ አልሄደችበትም፣ እዛ ነበረች እዚ ተገኘች። መፍትሄው ሃምሳውን በአንዴ ከመዝለል አስር አስር እያደረጉ አምስት ጊዜ መራመድና በየእርምጃው ግጭቱን ማጣራት ነው። ትልልቅ ጌሞች ላይ ተጫዋቾች ግድግዳ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ያያችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘሩ ይሄው ነው።

ቀጥሎ ኳሷ ልታልፍ ስትል ራኬቱን ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ጫኑባት። ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ይሄ ነገር መጀመሪያ ሲያጋጥመኝ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የሚሆነው ግን እንዲህ ነው፣ ራኬቱ ከላይ ስለመጣባት ኳሷ ከጫፉ ላይ ሳይሆን ከሆዱ ውስጥ ነው የተገኘችው። ተነካኩ ስለዚ ፍጥነት ይገልበጥ ተባለ፣ ወደ ቀኝ 5 ተራመደች፣ ገና ውስጥ ነች፣ ተነካኩ ተባለ፣ ተገለበጠ፣ ወደ ግራ 5፣ አሁንም ውስጥ። ሳትወጣ እዛው ትመላለሳለች። ስለዚ የግራው ራኬት ላይ ተነካኩ ብቻ አትበሉ፣ ተነካኩ እና ኳሷ ወደ ግራ እየሄደች ከሆነ በሉ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ጨመራችሁ፣ አለቀ።

ፍጥነት ላይ ሌላም አለ። በየፍሬሙ 5 ፒክስል ካላችሁ በ60 ፍሬም 300 ፒክስል በሰከንድ ነው፣ ብሮውዘር ላይ ግን ሉፑ የስክሪኑን ፍጥነት ስለሚከተል 144 ኸርዝ ሞኒተር (በሰከንድ 144 ጊዜ የሚስል) ያለው ጓደኛችሁ ጋ ያው ጌም 720 ይሆንና መጫወት አይቻልም። ስለዚ ፍጥነቱን በሰከንድ 300 ብላችሁ ጻፉና ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ አባዙት፣ ዴልታ ታይም የሚሉት እሱን ነው። ፍጥነት ከማሽኑ ጋር መለዋወጡ ግን ሁሌ ጥፋት አይደለም። በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ ጠላቶቹ ቁጥራቸው ሲያንስ ይፈጥናሉ አይደል፣ መጀመሪያ ታስቦበት አይደለም፣ ማሽኑ የሚስለው ሲቀንስለት ፈጥኖ ስለሚዞር ነው። የሰራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ አየውና ጌሙን የበለጠ አጓጊ አደረገው ብሎ ተወው።

ሦስተኛ ዙር፦ ሳታዩ

ሁሉንም ዝጉ። ባዶ ፋይል። መጀመሪያ ኮድ አትጻፉ፣ በአማርኛ ጻፉ፦ መስኮት ክፈት፣ ኳስ መሀል አስቀምጥ፣ ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ እንዲህ እንዲህ አድርግ። ከዛ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ስር ኮዱን ሙሉት። የማላስታውሰው ቢመጣስ? የትእዛዝ ስም ከሆነ፣ ለምሳሌ አራት ማዕዘን መሳያው ምን ነበር ከሆነ፣ ማኑዋሉን ክፈቱና እዩ፣ ይሄን በቃሉ የሚይዝ የለም፣ ስንት ዓመት የሰራውም ሰርች እያደረገ ነው። አሰራሩ ከጠፋችሁ ግን፣ ማለትም ነጥብ ሲቆጠር ኳሷ እንዴት ወደ መሀል ትመለስ ዓይነት ከሆነ፣ ቱቶሪያሉን አትክፈቱ፣ ወረቀት ላይ ታገሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አልሆን ካለ እቺን ብቻ አይታችሁ ዝጉት። ኤአይ መጠየቅም ያው ነው፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ጠይቁት፣ ጻፍልኝ ካላችሁት ግን ተመልሳችሁ አንደኛ ዙር ላይ ናችሁ፣ እንዲያውም ከሱ በታች፣ መተየቡም ቀረ።

እኔን ይሄ ዙር ሁለት ማታ ወሰደብኝ፣ ቱቶሪያሉ አርባ ደቂቃ ነበር። አያሳፍርም።

ሲያልቅ ቱቶሪያሉ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ጨምሩበት፣ ትንሽ ይሁን። ኳሷ በተመታች ቁጥር ትፍጠን፣ ወይ የራኬቱ ጫፍ ሲመታት ገደድ ብላ ትሂድ። መልሱን የሚያሳይ ቪዲዮ የሌለው የመጀመሪያ ሥራችሁ ስለሚሆን ይከብዳል።

ከዛ በኋላ የሚመጡት ጌሞች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር ብቻ ይዘው እንዲመጡ አድርጋችሁ ደርድሯቸው። ብሬክአውት ብዙ ጡብ በአንድ ሊስት (በአንድ ዝርዝር) መያዝን ያስተምራል፣ እባቡ ሊስቱን ከፊት እየጨመሩ ከኋላ መቁረጥን፣ በ2013 ወጥቶ በ2014 መጀመሪያ ላይ ሰሪው ራሱ ያወረደው የፍላፒ በርድ ዓይነት ደሞ ግራቪቲን፣ እሱም ለካ በየፍሬሙ ፍጥነቱ ላይ ትንሽ መደመር ብቻ ነው። ቴትሪስ መጨረሻ ይሁን፣ ማዞሩ ያደክማል። ስዕል የለኝም ብላችሁ ግን አትቁሙ፣ አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ቴትሪስን ሞስኮ ላይ ሲሰራ ኮምፒውተሩ ግራፊክስ ስላልነበረው ብሎኮቹን በቅንፍ ምልክት ነው የሳላቸው። ባለቀለም አራት ማዕዘን ይበቃል፣ ስዕል ፍለጋ ከገባችሁ ሁለት ቀን ትጠፋላችሁ ኮዱም እዛው ይቀራል።

አንድ ሰው አስጫውቱት ደሞ፣ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ምንም አትናገሩ። እኔ የመጀመሪያውን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ በስፔስ ነው የሚጀምረው፣ እሷ ግን ማውሱን ጠቅ ጠቅ፣ ኢንተር፣ ጠቅ ጠቅ፣ ከዛ ዞር ብላ "አይሰራም እኮ" አለችኝ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ማታ ለመጀመር ስፔስ ተጫኑ የሚል ጽሁፍ ጨመርኩበት፣ በአማርኛ፣ ራን ሳደርገው ሳጥን ሳጥን ብቻ ተደርድሮ መጣ። የጫንኩት ፎንት የኛን ፊደል አያውቀውም ነበር ለካ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጄ ከኮዱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባሁና ኮዱ ውስጥ ስሙን ጠራሁት። በማግስቱ ጠራኋት፣ አነበበችው፣ ስፔስ ተጫነች፣ በሰባት ነጥብ አሸነፈችኝ።